ቆሞ የከረመ ሞተር ሳይክል ለምን ጉልበት ያጣል?

ለወራት ሸራ ለብሶ የቆመ ሞተር ሳይክል ባለቤቱን የሚያታልለው ተነስቶ ነው። ባትሪው ተሞልቶ፣ መነሻው ሁለት ሦስት ጊዜ ተረግጦ ሞተሩ ሲነሳ ባለቤቱ «ደህና ከርሟል» ብሎ ይደሰታል። ችግሩ የሚገለጠው አስፋልት ላይ ሲወጣ ነው። ነዳጅ ሲሰጠው ያንቀዋል፤ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ይንተፋተፋል፤ ትንሽ ዳገት ሲገጥመው ወደ ሁለተኛ፣ ከዚያም ወደ አንደኛ ያስመልሳል። ከኋላ የመጣው ሚኒባስ ጡሩምባውን ይነፋል። ይህ ሞተር ሳይክል እየተገፋ ጋራዥ ሲደርስ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ፍርድ «ፒስቶኑ አልቋል፤ ይከፈት» የሚል ነው።

አድማጮች፣ የዛሬው ዝግጅት ይህን የችኮላ ፍርድ ይቃወማል። ሲቆም ጤነኛ የነበረ ሞተር በመቆሙ ብቻ ፒስቶኑ አያልቅም፤ የማይንቀሳቀስ ብረት አይፋተግም። መቆም የሚጎዳው ሌላ ቦታ ነው። ነዳጅ የሚያልፍባቸውን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይደፍናል፣ ላስቲኮችን ያደርቃል፣ እርጥበት የሚያገኛቸውን ብረቶች ያዝጋል፣ ባትሪውን ይገድላል። አብዛኛው በጥቂት መፍቻዎች፣ በንጹሕ ቤንዚንና በትዕግሥት የሚስተካከል ነው። በሞተር ሳይክሉ የሚተዳደር ሰው ግማሽ ቀን በማይፈጅ ሥራ ፈንታ ለሙሉ ሞተር እድሳት ገንዘብ ሲያወጣ ማየት ያሳዝናል፤ ሊቀር የሚችል ወጪ ነውና።

ጉዳዩ የጥቂት ሰዎች አይደለም። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የአዲስ አበባ አስተዳደር የሞተር ሳይክሎችን እንቅስቃሴ ሲያግድ፣ ዕቃ ሲያደርሱ የነበሩ ብዙ ሞተር ሳይክሎች ፈቃድ እስኪገኝ ድረስ በየግቢው ቆመዋል። በትግራይ በጦርነቱ ጊዜ ወደ ክልሉ የሚገባው ነዳጅ በመቋረጡ ባጃጆችና ሞተር ሳይክሎች ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀሱ ከርመዋል፤ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ነዳጅ ቀስ በቀስ ሲመለስ እነሱንም ከቆሙበት ማስነሳት ግድ ሆነ። ከዚህ ሁሉ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ማብቂያ አሜሪካዊው የሞተር ሳይክል ተወዳዳሪ ራንዲ ማሞላና እንግሊዛዊው ባሪ ኮልማን ወደ ሶማሊያ ተጉዘው ነበር። ለጤና ሥራ የተላኩ ተሽከርካሪዎች ቀላል እንክብካቤ በማጣት ብቻ ተጥለው አዩ። ያዩት ነገር ኋላ «ራይደርስ ፎር ሄልዝ» የተባለውን የበጎ አድራጎት ድርጅት ለመመሥረት ምክንያት ሆነ። ድርጅቱ በተለያዩ የአፍሪካ አገሮች የጤና ሠራተኞችን ማሽከርከር ብቻ ሳይሆን፣ ከመንገድ በፊት ሞተር ሳይክላቸውን በየቀኑ መመርመርን አስተምሯል።

ወደ ምርመራው ስንገባ የመጀመሪያው ጥያቄ ምንም መሣሪያ አይፈልግም። ነዳጅ ሲሰጠው የሞተሩ ድምፅ ከፍ እያለ ፍጥነቱ አልጨምር ይላል? ወይስ ድምፁ ራሱ አይነሳም? ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ ችግሮች ናቸው። ሳይለዩ ካርቡሬተር መፍታት ጊዜ ማባከን ነው።

ድምፁ እየጮኸ ሞተር ሳይክሉ የማይሄድ ከሆነ ጉልበቱ ተፈጥሯል፤ ጎማው ጋ አልደረሰም ማለት ነው። ተጠርጣሪው ፍሪሲዮኑ ነው። ሽቦው በዝገት ተወጥሮ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ እንዳይገጥም ሊያደርግ ይችላል፤ ስለዚህ በእጀታው ጫፍ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር የሚሆን ልል እንቅስቃሴ መኖሩ ይታያል። ሌላው ምክንያት ከበጎ አሳብ የሚመጣ ነው። ባለቤቱ «ቆሞ ስለከረመ ዘይት ልቀይርለት» ብሎ የመኪና ዘይት ይሞላበታል። በአብዛኞቹ ሞተር ሳይክሎች ፍሪሲዮኑ የሚሠራው በዚያው በሞተሩ ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው። አንዳንድ የመኪና ዘይቶች ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል መፋተግን የሚቀንስ ቅመም ስላለባቸው ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። የጃፓን አምራቾች እ.ኤ.አ. በ1998 ለሞተር ሳይክል ዘይት የተለየ ደረጃ ያወጡት በዚህ ምክንያት ነው፤ በዘይቱ ጣሳ ላይ «ጃሶ ኤም ኤ» የሚለው ምልክት ዘይቱ ለእንዲህ ዓይነቱ ፍሪሲዮን ተስማሚ መሆኑን ያመለክታል።

የያዘ ፍሬንም ጉልበቱ ወደ ጎማው እንዳይደርስ ያደርጋል። ሞተር ሳይክሉ በመካከለኛ መቆሚያው ላይ ቆሞ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ ጎማው በእጅ ሲዞር በነፃነት መሽከርከር አለበት። የዲስክ ፍሬን ከሆነ ሸራዎቹን የሚገፋው ፒስቶን በእርጥበት ዝጎ ላይመለስ ይችላል፤ የከበሮ ፍሬን ከሆነ ደግሞ ሸራዎቹን የሚከፍተው ዘንግ ግራሱ ደርቆ ይጣበቃል። ጥቂት ከተነዳ በኋላ አንዱ ጎማ መሐሉ ላይ ከሌላው በጣም ከሞቀ ነገሩ ታወቀ። የጎማ ንፋስና የካቴና ዝገትም በዚሁ አጋጣሚ ይታያሉ። ካቴናው አንዳንድ ቦታ ላይ ተቆልምሞ የሚቀር ከሆነ ጉልበት ይበላል።

ድምፁ ራሱ የማይነሳ ከሆነ ግን መንገዱ ወደ ነዳጅ ይወስዳል። እውነቱን ለመናገር፣ ቆሞ የከረመ ሞተር ሳይክል አብዛኛውን ጊዜ የሚታመመው እዚህ ነው።

ቤንዚን አንድ ወጥ ፈሳሽ አይደለም፤ የብዙ ውሁዶች ድብልቅ ነው። ቶሎ የሚተኑት፣ ሞተር በቀላሉ እንዲነሳ የሚያደርጉት ቀድመው ይሄዳሉ። የቀሩት ከአየር ኦክስጅን ጋር እየተዋሃዱ መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ የሆነ ሙጫ ይሠራሉ። ሽታውም ይለወጣል፤ የቤንዚን መሆኑ ቀርቶ የቀለም ወይም የቫርኒሽ ሽታ ይመጣል። ይህ ለውጥ በጥቂት ወራት ውስጥ ይጀምራል፣ ሙቀት ያፋጥነዋል። ታንኩ ውስጥ ብዙ ነዳጅ ስላለ ብልሽቱ ይዘገያል። ካርቡሬተሩ ሥር ባለችው ትንሽ ማጠራቀሚያ ውስጥ ያለው ነዳጅ ግን አንድ ስኒ ቡና እንኳ አይሞላም፤ ማጠራቀሚያዋም ወደ ውጭ የሚተነፍስ ቀዳዳ አላት። ስለዚህ ታንኩ ውስጥ ያለው ነዳጅ ገና ደህና ሳለ እዚያች ማጠራቀሚያ ውስጥ ያለው ተንኖ ሙጫው ብቻ ይቀራል።

ከኢታኖል ጋር የተቀላቀለ ቤንዚን ሌላ ጣጣ ይጨምራል። በአዲስ አበባ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የተገኘ ኢታኖል መጀመሪያ 5 ከመቶ፣ በኋላም 10 ከመቶ እየተቀላቀለ ሲሸጥ ነበር፤ በአሜሪካና በአውሮፓም ተራ ነገር ነው። ኢታኖል ከአየር እርጥበት ይስባል። ውኃው ሲበዛ ኢታኖሉን ይዞ ከቤንዚኑ ይለይና ታንኩ ሥር ይተኛል፤ ነዳጁ የሚቀዳው ደግሞ ከታች ነው። ግማሽ ጎደሎ ሆኖ የቆመ ታንክ ከውስጥ የሚዝገውም ባዶው ክፍል በሌሊት ቅዝቃዜ ጤዛ ስለሚቋጥር ነው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት አሮጌው ቤንዚን ይውጣ። በንጹሕ የብርጭቆ ዕቃ ጥቂት ቀድቶ ለብርሃን ማሳየት ብዙ ነገር ይናገራል፦ ጥቁረት፣ የዝገት ብናኝ፣ ከሥር የተለየ የውኃ መስመር። እዚህ ላይ አንድ ልማድ መቅረት አለበት። ቤንዚን በቱቦ በአፍ መሳብ ሳንባ ውስጥ ከገባ ለሞት ሊያደርስ የሚችል አደጋ ነው፤ የታንኩን መክፈቻ ፈቶ ወደ ዕቃ ማንቆርቆር ይቻላል። ሥራው ደጅ፣ ከእሳትና ከሲጋራ ርቆ ይሠራ። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ተስቦ ራቅ ያለ ከሰል ምድጃ ጋ ይደርሳል።

ትኩስ ቤንዚን ገብቶም ሞተሩ ካልሳበ የካርቡሬተሩ ተራ ነው፤ ትንሽ ማስተዋል ብዙ መፍታትን የሚያስቀረውም እዚህ ነው። ካርቡሬተር ለሁሉም ፍጥነት አንድ ቀዳዳ አይጠቀምም። ነዳጅ መስጫው ሲዘጋና በጣም በትንሹ ሲከፈት የሚመግበው የሚኒሞው ጄት ነው፤ ቀዳዳው ከግማሽ ሚሊ ሜትር ይቀጥናል። ከሩብ እስከ ሦስት ሩብ ባለው ሰፊ ክልል ሥራውን የሚመራው፣ የአየሩን መንገድ ከሚከፍተው ተንሸራታች ጋር ከፍ ዝቅ የሚለው ሾጣጣ መርፌ ነው። ከዚያ በላይ እስከ ሙሉ የሚወስነው ዋናው ጄት ነው። እንግዲህ በነዳጅ መስጫው እጀታ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፎ ሩቡን፣ ግማሹንና ሦስት ሩቡን በእስክሪብቶ ምልክት ማድረግ፣ ከዚያም ሞተር ሳይክሉን ጭር ባለ መንገድ ነድቶ የሚያንቀው የትኛው ምልክት ላይ እንደሆነ ማየት ነው። ሚኒሞ ላይ የሚጠፋና ገና ሲነካ የሚያስል፣ ከዚያ ካለፈ ግን ደህና የሚሄድ ከሆነ የሚኒሞው ጄት ተደፍኗል። በዝግታ መልካም ሆኖ ሙሉ ሲከፈት የሚሞት ከሆነ ዋናው ጄት፣ ወይም ወደ ካርቡሬተሩ የሚመጣው ነዳጅ ማነስ ነው።

ቾክም ይመሰክራል። ሞተሩ ሞቆ እያለ ቾኩ በከፊል ሲሳብ አካሄዱ ከተሻሻለ ነዳጅ አንሶታል፤ ቀዳዳ ተደፍኗል ወይም በተሰነጠቀ ላስቲክ በኩል አየር ይገባል። ከባሰበት ደግሞ ነዳጅ በዝቶበታል ወይም አየር አጥሮታል።

ጄቶቹ ከነሐስ የተሠሩ ለስላሳ ነገሮች ናቸው። በመርፌ ወይም በብረት ሽቦ መጎርጎር ቀዳዳውን ያሰፋዋል፤ ከዚያ ወዲያ ሞተሩ ነዳጅ ከልክ በላይ ይጠጣል። ትክክለኛው መንገድ በካርቡሬተር ማጽጃ ነክሮ በኮምፕሬሰር አየር መንፋት፣ ከዚያም ወደ ብርሃን አንስቶ ቀዳዳው ክብና ጥርት ብሎ መታየቱን ማረጋገጥ ነው። ከመንከሩ በፊት ላስቲኮቹ ይወጡ፤ ማጽጃው ያሳብጣቸዋል። የድብልቁ ማስተካከያ ብሎን ከመፈታቱ በፊት ደግሞ እስኪገጥም ስንት ዙር እንደሚዞር ተቆጥሮ ይጻፍ። ይህ ቁጥር ሳይያዝ የተፈታ ካርቡሬተር ንጹሕ ሆኖም ያስቸግራል።

በአንዳንድ ካርቡሬተሮች ተንሸራታቹን የሚያነሳው ሽቦ ሳይሆን ከላይ ያለ ስስ የላስቲክ ሽፋን ነው። የእጀታው ሽቦ የሚከፍተው ሌላ ክዳን ሲሆን፣ ሽፋኑ ተንሸራታቹን የሚስበው በአየር ግፊት ልዩነት ነው። ላስቲኩ ደርቆ መርፌ የምታክል ቀዳዳ ካበጀ ተንሸራታቹ አይነሳም። ሞተሩ በሚኒሞ ቆንጆ ይሠራል፣ ነዳጅ ሲሰጠው ግን በፍጹም አይጨምርም። ሽፋኑን አውጥቶ በፀሐይ ፊት ቀስ ብሎ መዘርጋት በቂ ምርመራ ነው።

በመንገድ ላይ የሚታይ ሌላ ምልክት አለ። ሞተር ሳይክሉ ጥሩ አድርጎ ይሄድና ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይደክማል፤ ቆም ብሎ ሲያርፍ እንደገና ያገግማል። ይህ የጄት ችግር አይመስልም። ማጠራቀሚያዋ ከምትሞላበት ፍጥነት በላይ እየጎደለች ነው። ሲደክም የታንኩን ክዳን መክፈት ነው። «ፍስ» ብሎ አየር ከሳበና ሞተሩ ካገገመ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል። ካልሆነ የነዳጁ ቱቦ ከካርቡሬተሩ በኩል ተነቅሎ ወደ ጠርሙስ ይለቀቅ። ሳይቆራረጥ መውረድ አለበት፤ የሚንጠባጠብ ከሆነ የታንኩ መክፈቻ ወንፊት ወይም ፊልትሮው በዝገት ተሞልቷል። ፊልትሮ ርካሽ ነው። አጽድቶ ከመመለስ ይልቅ መለወጡ ይሻላል።

አየርም እንደ ነዳጅ ይደፈናል። ከስፖንጅ የተሠራ የአየር ፊልትሮ በዕድሜ ብዛት ሲነካ ይፈረፈራል፣ ፍርፋሪውም ወደ ካርቡሬተሩ ይሳባል። የአየር ሳጥኑ ጨለማና ደረቅ ስለሆነ አይጦች ይወዱታል፤ ወረቀትና ጨርቅ አጭቀውበት ይገኛል። ቤታቸውን በጭቃ የሚሠሩ ተርቦችም የማርሚታውን ጫፍና ጠባብ መተንፈሻዎችን ይመርጣሉ። ለማርሚታው ፈተናው ቀላል ነው። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ እጅ ወደ ጫፉ ቀረብ ሲደረግ፣ ሳይነካ፣ ግልጽ የሆነ ትንፋሽ መሰማት አለበት።

ካንዴላው ሲወጣ የሞተሩን ታሪክ ያሳያል። ጫፉ ፈዛዛ ቡናማ ከሆነ ድብልቁ ደህና ነው። ደረቅ ጥላሸት ነዳጅ መብዛቱን ወይም አየር ማነሱን፣ ነጭነት ነዳጅ ማነሱን፣ የዘይት እርጥበት ደግሞ ዘይት ወደ ውስጥ መግባቱን ያመለክታል። አሮጌ ከሆነ አዲስ መግዛት ይቀላል። ባትሪውን በተመለከተ፣ 12 ቮልት የሚባለው ባትሪ ሞልቶ ሲያርፍ 12.6 አካባቢ ያነባል፤ ከ12 በታች ከወረደ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ሞተሩ በመካከለኛ ፍጥነት ሲሠራ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ካልታየ ባትሪው እየተሞላ አይደለም። ይህ በተለይ ካርቡሬተር ለሌላቸው፣ ነዳጅ በኤሌክትሮኒክስ ለሚረጩት አዳዲስ ሞተር ሳይክሎች ወሳኝ ነው። የነዳጅ ፓምፑና ኮምፒውተሩ የሚበሉት ከዚያው ኤሌክትሪክ ነው፤ ቮልቱ ሲወርድ ፓምፑ ይደክማል፣ መርጫውም የሚገባውን ያህል አይከፍትም። በእነሱ ላይ የሞተር ምልክት መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚልበትን ቁጥር መጻፍና ከመመሪያው ጋር ማስተያየት ግማሽ መንገድ ነው።

እንደ ያማሃ ኤጂ 100 ያሉ፣ ዘይት ከቤንዚን ጋር የሚያቃጥሉ ባለ ሁለት ምት ሞተሮች የራሳቸው ጠባይ አላቸው። በክራንኩ ሁለት ጎን ያሉት የዘይት ማገጃ ላስቲኮች በመቆም ብዛት ይደርቁና አየር ያስገባሉ። ሞተሩ ነዳጅ ያነሰው ይመስላል፣ ሚኒሞው ከፍ ዝቅ ይላል፣ ይግላል። በዚህ ሁኔታ አስገድዶ መንዳት ፒስቶኑን ከሲሊንደሩ ጋር ሊያጣብቀው ስለሚችል ላስቲኮቹ ሳይለወጡ ረጅም መንገድ አይኬድም።

ይህ ሁሉ ታይቶ ሞተሩ አሁንም ካልሳበ ያን ጊዜ ስለ ኮምፕሬሽን ማሰብ ተገቢ ነው። ሞተሩ ሲቆም ክፍት ሆኖ በቀረው ቫልቭ በኩል እርጥበት ገብቶ መቀመጫውን ሊያዝገው፣ የፒስቶኑ ፋሻም በደረቀ ዘይት ሊጣበቅ ይችላል። ግፊቱን ለክቶ፣ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካት ሁለቱን ይለያል፦ ግፊቱ ከጨመረ ጥፋቱ ፋሻው ጋ፣ ካልጨመረ ቫልቩ ጋ ነው። የተጣበቀ ፋሻ በዘይት ርሶ ሲያድርና ቀስ ብሎ ሲዞር ሊለቅ ስለሚችል፣ እዚህም ቢሆን ወዲያው ወደ እድሳት መሄድ አያስፈልግም።

አንዳንዴ ደግሞ ምንም ብልሽት የለም። ጋምቤላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ፣ ድሬዳዋ 1,200 ገደማ፣ አዲስ አበባ 2,400 ገደማ ላይ ናቸው። በአዲስ አበባ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ ሞተሩ በእያንዳንዱ ምት የሚስበው አየር ያንሳል። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር ግን ነዳጁን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ድብልቁ ይወፍራል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ድሬዳዋ ቆሞ ከርሞ ወደ አዲስ አበባ የመጣ ሞተር ሳይክል ጉልበት ቢያጣ ከፊሉ የከፍታው ነው። አነስ ያለ ዋና ጄት መግጠም ይረዳዋል፤ በቆላ ያለውን ጉልበት በሙሉ ግን አይመልስለትም።

ጥገናው ካለቀ በኋላ ሞተሩ ሞቆ ሳለ አሮጌው ዘይት ይቀየር፤ በመቆም ጊዜ የተጠራቀመው ውኃና አሲድ ከትኩስ ዘይት ጋር ይወጣል። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ከቤት ሳይራቁ፣ በመካከለኛ ፍጥነት ይነዱ፤ ከዚያም የነዳጅ ፊልትሮው እንደገና ይታይ። ከታንኩ የተላቀቀ ዝገት የሚደርሰው ያን ጊዜ ነውና።

ዳግመኛ የሚቆም ከሆነ ታንኩ እስከ አፉ ይሞላ፣ የነዳጁ መክፈቻ ይዘጋ፣ በካርቡሬተሩ ሥር ያለው የማፍሰሻ ብሎን ተፈትቶ ማጠራቀሚያዋ ትድረቅ። ባትሪው ተነቅሎ በየወሩ ይሞላ። ጎማዎቹ ንፋስ ይጨመርላቸው፣ ማርሚታው በጨርቅ ይዘጋ። የቆመበት ቀንና በታንኩ ያለው ነዳጅ የተገዛበት ወር በወረቀት ተጽፎ ቁልፉ ላይ ይታሰር፤ ወደፊት ሞተር ሳይክሉን የሚያየው መካኒክ ቀድሞ የሚጠይቀው ይህንን ነው።